ስድስተኛው ሳህን

አይደለም፣ ዓይኔ ነው፣ መነጽሬ ነው፣ በጋውኔ ጫፍ ልጥረገው፣ ጠረግኩት፣ ዳግመኛ ጎንበስ እላለሁ፣ ያው ነው፣ አሁንም እዚያው ነው፣ ግማሽ ጎኑ ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣብቆ የተኛ፣ ግማሽ ጎኑ ገና ጭራውን ወደ ሜዳው የዘረጋ አንድ ሴል፣ አንድ ፍሬ ሴል፣ እግዚኦ፣ ምን አድርጌ ነው እኔ ሴትዮ፣ ምን ነበር እንዲህ ያጣደፈኝ።

በቀኝ እጄ የበረኪና ጠርሙስ ይዣለሁ፣ አዲስ ነው፣ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ሽታው አፍንጫዬን ይሰነፍጠኛል። በግራዬ ማጠቢያው ውስጥ አምስት ሳህኖች። መዳፍ የማያህሉ፣ ክብ፣ የፕላስቲክ፣ ወንድሜ አንዴ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሲያያቸው የድመት ምሳ ነው ወይ ያለኝ። ከሩብ ሰዓት በፊት ሮዝ ነበሩ፣ የሴሎቹ ምግብ ሮዝ ነው፣ አሁን ነጥተዋል፣ በረኪና ሲነካው ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል፣ ሴሎቹም አብረው፣ አይጮኹም፣ አይንፈራገጡም፣ ሟምተው ያልቃሉ። አምስቱ ላይ የደፋሁት እኔ ነኝ። ስድስተኛው የተረፈው ጠርሙሱ ስላለቀብኝ ነው፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም፣ ርኅራኄ አይደለም፣ ብልሃት አይደለም፣ በረኪና አለቀ፣ ዕቃ ቤት ወረድኩ፣ ዕቃ ቤት ጠባቂው ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ፣ ወጣሁ፣ ከመድፋቴ በፊት እስቲ ይሄን ደግሞ ደህና አድርጌ ልየው ብዬ ቁጭ አልኩ፣ አየሁት።

አምስቱንስ ለምን ደህና አድርገሽ አላየሻቸውም። አይቻለሁ እኮ። እያንዳንዱን ከማይክሮስኮፑ ሥር አስገብቼ አይቻለሁ፣ ከረጃጅሞቹ ሴሎች መሐል ደሴት ደሴት የሠሩ ጠፍጣፋ ሴሎች፣ ጥርት ብለው፣ እንደ ወለል ንጣፍ ተጋጥመው፣ በአምስቱም ላይ፣ አየሁ፣ ብክለት አልኩ፣ ደፋሁ። ዓይኔ አልዋሸኝም፣ አፌ ነው የቸኮለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው፣ ለስንቱ ተማሪ ስተርተው የኖርኩት ተረት።

ሃያ ሁለት ዓመት። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ክፍል ሴል ስቀልብ የሰው ሳህን ገድዬ አላውቅም፣ አንድም። ተማሪዎቹ እትዬ በረኪና ይሉኛል፣ ከኋላዬ ሲሉኝ የማልሰማ ይመስላቸዋል፣ እሰማለሁ፣ ደስም ይለኛል እንዲያውም፣ የፒፔቱን፣ የፈሳሽ መምጠጫውን፣ ጫፍ ሳይቀይር ከጠርሙስ ጠርሙስ የሚዘል ጎረምሳ እኔን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጥቀጥ፣ ሴል እኮ ስሙን አይነግርህም፣ መታወቂያ የለው፣ የማን ልጅ ነህ ብለህ አትጠይቀው፣ ከሌላ ሳህን በአንዲት ጠብታ ሾልኮ ከገባ ገባ ነው፣ አበቃ። ከተጠራጠርክ ድፋ። በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ነው፣ በእጄ የጻፍኩት፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ራሱ ሲገባ ቀና ብሎ ያየዋል።

ደግሞ ዝም ብዬ አልጠረጠርኩም። ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ ከልጅቷ ሳህኖች በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ጉልቤዎቹ አሉ፣ የጎረቤት ቡድን ሴሎች ናቸው፣ ጉልቤ ያልናቸው ሰው ቤት ገብተው ባለቤቱን ስለሚያስወጡ ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ተጋጥመው የሚኖሩ፣ የትም ቢጥሏቸው የሚበቅሉ። እዚህ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት የያኔው አለቃችን የሁለት ዓመት ሥራ ጉልቤ ሆኖ ተገኘ፣ የጉበት ሴል ነው እያልን የቀለብነው ሁሉ ጉልቤ፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ ትልቅ ሰው፣ ክራቫት ያሰረ፣ መሀረብ አጥቶ በወረቀት ፊቱን የጠረገ፣ በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እኔ እንዲህ የሆንኩት፣ እንግዳ ሴል ሳይ ደሜ ይፈላል። ጠፍጣፋ ነገር በረጃጅሞች መሐል ካየሁ ጉልቤ ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን፣ ማንም እንደዚያ ነው የሚለው።

ማንም፣ ከእሷ በቀር። ዶክትሬቷን እዚህ የምትሠራው ልጅ፣ ፍራሽ አንጣፊዋ። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፣ የሳህኖቹ ባለቤት እሷ ናት። ሴሎቿ የመጡት ከጡት ተነስቶ ሳንባ ከደረሰ ካንሰር ነው፣ ረጃጅም፣ ቀጫጭን፣ እያንዳንዱ ለብቻው የሚሄድ። መጽሐፉ እንዲህ ያሉትን ሜዘንካይማል ይላቸዋል፣ ጠፍጣፋዎቹን ኤፒቴሊያል፣ እኔ ምላሴ ሲሰናከልብኝ መንገደኛና ነዋሪ ብዬ እገላገላለሁ። ነዋሪው ከጎረቤቱ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዞ ይኖራል፣ ላይና ታቹን ያውቃል፣ ቆዳችን እሱ ነው፣ የአንጀታችን ገበር እሱ ነው፣ ወተት የሚወርድበት የጡት ቦይ ግድግዳው እሱ ነው፣ ሥራው አለመነቃነቅ ነው። መንገደኛው እጁን ለቅቆ የወጣው ነው። የሚደንቀው ሁለት ፍጥረት አለመሆናቸው ነው እኮ፣ ያው አንድ ሴል ነው፣ ዛሬ ነዋሪ፣ ነገ መንገደኛ፣ ቀን ሲወጣለት ተመልሶ ነዋሪ፣ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ወላዋይ እንለዋለን፣ ሴል ሲያደርገው ግን ሕይወት ነው።

እነዚህ ሴሎች ከመጠን በላይ ርቀው ሄደዋል፣ የመመለስ ተስፋ የላቸውም፣ ቤታቸውን ረስተዋል። ይሄ ፕሮፌሰሩ ነው፣ በስብሰባ ላይ፣ በዚያ በተስተካከለ ድምፁ፣ በዕድሜ ታናሼ ነው ግን ሲናገር አዋጅ ያነበበ ያህል ነው። እሷ ደግሞ ከጥግ፣ አልረሱም ፕሮፌሰር፣ ደረቅ ፕላስቲክ ላይ አስቀምጠናቸው እንዴት ብለው ይተኛሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ይበልጥ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም ሳይመስላት ሄዳ ጄል መሥራት ጀመረች፣ እንደ ጤነኛ ሥጋ የሚለሰልስ፣ ካንሰር ያለበት ቦታ ይጠነክራል እትዬ፣ በጣት የሚዳሰሰው እብጠት እሱ ነው፣ ጥንካሬው ራሱ ነው ተነሱ ውጡ የሚላቸው፣ ለስላሳ ነገር ላይ ብናስተኛቸው እስቲ። ሦስት ዓመት። ጄሉ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል፣ ይሻግታል፣ እንደገና ታነጥፋለች። ዛሬስ ፍራሹ ስንት ሰው አሳደረ እላታለሁ፣ ኧረ እትዬ ሙድ አይያዙብኝ ትላለች፣ ትስቃለች፣ ተመልሳ ጎንበስ ትላለች። ላም አለኝ በሰማይ ይላል ፕሮፌሰሩ፣ ወተቷንም አላይ እያልኩ የምጨርስለት እኔ።

ባለፈው ሳምንት እናቷ ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ስድስቱን ሳህን ለእኔ ሰጥታ ሄደች፣ ሻንጣዋን እንኳ በደንብ አልዘጋችውም፣ የሹራብ እጅጌ ተንጠልጥሎባት። እትዬ፣ ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም፣ ምግባቸውን ብቻ ይቀይሩላቸው፣ ሌላ ምንም አያድርጉባቸው። ሌላ ምንም። አሁን ቃሏ ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ሂጂ ልጄ፣ እኔ እያለሁ ምን ይሆናሉ አልኳት።

እስቲ እንደገና። መሐለኛው ሴል። ጉልቤ ቢሆን እንዲህ አይሆንም ነበር፣ ጉልቤ ጠፍጣፋ ሆኖ ይገባል፣ ጠፍጣፋ ሆኖ ይራባል፣ መሐል የሚባል ነገር የለውም። ይሄኛው ግን መንገድ ላይ ነው፣ እየተመለሰ ነው፣ በአንድ ወገኑ ጎረቤት ይዟል፣ በሌላው መንገዱን ገና አልተወውም። ደግሞ ብቻውን አይደለም፣ ሳህኑን ገፋ ሳደርገው ሌላም፣ ሌላም፣ በየደሴቱ ዳር ዳር፣ አንዱ ጭራውን ሊሰበስብ ጥቂት የቀረው፣ አንዱ ገና አንዲት ክንድ ብቻ ያቀበለ፣ ወይ ጉድ፣ ወይ የእናንተ ነገር፣ ማን ጠራችሁ፣ በየት በኩል ሰማችሁት። ሳንባ ድረስ ሄደው፣ ከሰው ወጥተው፣ በዚህ ፕላስቲክ ላይ ስንት ዓመት ተንከራትተው፣ ለስላሳ ነገር ሲነካቸው እንዴት መያያዝ እንዳለባቸው ያውቃሉ። አልረሱም። ልጅቷ ልክ ነበረች። ሁላችን ስንስቅባት ልክ ነበረች።

ደግሞ አንድ ነገር ልናዘዝ፣ የሚሰማኝ የለም፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው። አፈር ልብላ ደስታ ነው፣ ጸጸቱ ኋላ ነው የመጣው። ሃያ ሁለት ዓመት ሴል አይቼ አይቼ የሚያስደንቀኝ ያለቀ መስሎኝ ነበር፣ ተሸፈነ፣ ተመገበ፣ ታጠበ፣ ያው ሥራ፣ ይሄን ሳይ ግን ክው አልኩ፣ እጄ ላይ በረኪና መኖሩን ረሳሁት፣ እሰይ እሰይ የእኔ ልጆች አልኩ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። ከዚያ ወደ ማጠቢያው ዞር ስል አምስቱን አየኋቸው።

ወንድሜ ለምን እንደሚመጣብኝ እንጃ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ታናሼ። ሲወለድ የላይኛው ከንፈሩ ስንጥቅ ነበር፣ እስከ አፍንጫው ድረስ፣ እናቴን ሰው ያላላት ነገር የለም፣ ምን በልተሽ ነው፣ ምን አይተሽ ነው፣ በማን ላይ ስቀሽ ነው፣ ሐኪም ሰፋው፣ ጠባሳው ዛሬ ጢሙ ሥር ነው፣ ሚስቱ ያምርብሃል ትለዋለች፣ እናቴ ላይ ግን ነገሩ አልተሰፋም፣ በሆዷ ይዛው ኖረች። እኔም ብሆን ሰበቡን የሰማሁት ትልቅ ሰው ሆኜ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፣ ፕሮፌሰሩ ለተማሪዎች ሲያስረዳ፣ እኔ ከጥግ ጠርሙስ ሳጥብ። ፅንሱ የሩዝ ፍሬ ሳያህል፣ በጀርባው ጫፍ የሚገኙት ነዋሪ ሴሎች እርስ በርስ የተያያዙበትን ይለቃሉ፣ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፣ ጉዞ ይጀምራሉ። እያለ። በጨለማ ነው እኮ፣ መሪ የለ፣ ካርታ የለ፣ ከጀርባ ተነስተው ዞረው ወደ ፊት፣ ከፊሉ መንጋጋ ይሆናል፣ ከፊሉ ጉንጭ፣ ከንፈርንም ከግራና ከቀኝ ይዘውት ይመጣሉ፣ ሲገናኙ በመሐላቸው ያለው ስስ ሽፋን ይነሳና ይዋሃዳሉ፣ ከአፍንጫችን ሥር ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት መስመሮች የተገናኙባቸው ናቸው። ጠርሙሱን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ፣ ጣቴን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ዳበስኩ፣ ተማሪዎቹም ሁሉ እየዳበሱ ነበር።

ምሳ ሰዓት ላይ ለእናቴ ደወልኩላት። እማዬ፣ የልጅሽ ከንፈር፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ ሴሎቹ ናቸው የዘገዩት። የምን ሴል። መንገድ ላይ ነበሩ እማዬ፣ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ዘገዩ፣ በቃ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ፣ ከዚያ፣ እሱም እኮ ይኸው ሹፌር ሆኖም ሰዓት አክብሮ አያውቅም አለች፣ ሳቅን፣ ሳቋ መሐል ስታለቅስ ሰማኋት። አርባ ዓመት የተሸከመችውን ያወረዱላት እነዚህ ናቸው፣ እነዚህ እኔ በበረኪና የምጨርሳቸው።

ካንሰርም ቢሆን ከራሱ የፈጠረው ነገር የለም፣ ይሄንኑ ነው የሰረቀው። ጣቴን ብቆረጥ በቁስሉ ዳር ያሉት ያዝ ያደረጉትን ላላ ያደርጋሉ፣ ወደፊት ይራመዳሉ፣ ከወዲያ ማዶ ከሚመጡት ጋር ሲገናኙ ይቆማሉ፣ ተያይዘው ይተኛሉ፣ ቁስሉ ዳነ። ካንሰሩ ያንኑ መንገድ ይይዝና አይቆምም፣ ደም ውስጥ ይገባል፣ ሳንባ ላይ ይወርዳል፣ እዚያ ደግሞ አመሉን ቀይሮ ነዋሪ ይሆንና ቤት ይሠራል። እትዬ፣ ሲመለሱም ሁልጊዜ ደስ አይበለን፣ ሲመለሱም ሊገድሉ ይችላሉ፣ ግን የሚያስወጣቸውንና የሚመልሳቸውን ካላወቅን በምን እንያዛቸው። ይሄን ያለችኝ ሳንድዊች እየበላች ነው፣ አፏን ሞልታ፣ ዓይኗ እያበራ። ስንቱን ሰው የጨረሰ ነገር ነው፣ አውቃለሁ፣ ይቅር ይበለኝና ግን ያስደንቀኛል፣ በሩን ሳይሰብር የገባ ሌባ ብልሃቱ እንደሚያስደንቅ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። ጓንቴን በጥርሴ ሳብኩት፣ ተማሪ ቢያደርገው እገድለው ነበር። እትዬ፣ ከአውቶቡስ ወርጃለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፣ ልጆቼ እንዴት ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአራት ስምንት ጉዳይ ይላል። ልጆቼ። ምን ብዬ ልጻፍላት፣ ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ይንከራተታል፣ ስልኩን መልሼ ከተትኩት።

አርብ የተማሪዎችን ሥራ የሚገመግመው ኮሚቴ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት ያለ ውጤት በቅቷል ብለዋል፣ አርብ የሚያሳምን ነገር ካላመጣች ከፕሮግራሙ ትወጣለች፣ ደብዳቤው ሲደርሳት ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፣ እሷ ማንበብ ስላቃታት። የፕሮፌሰሩን አባባል ደግሞ እዚህ ሕንፃ ውስጥ የማያውቅ የለም፣ አንድ ሳህን ወሬ ነው፣ ስድስት ሳህን ማስረጃ ነው። ስድስት ነበራት። ዛሬ ጠዋት፣ ቁርሴን በልቼ ስገባ፣ በዚያ ሳጥን ውስጥ ስድስት ማስረጃ ነበራት፣ እሷ አታውቅም፣ እኔም አላወቅኩም፣ አሁን ወሬ ነው ያላት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ በረኪናማ ከቶ እንዴት።

ብደፋውስ።

ይሄንንም። አንድ ጉንጭ አይሞላም የሚያስፈልገው። ብክለት ነበር ይባላል፣ ጉልቤ ገብቶ እትዬ ደርሳ አዳነችን ይባላል፣ ሕጉም ይሄው በሩ ላይ ተለጥፏል፣ እሷም ታለቅሳለች፣ አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች፣ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ በደህና አልጠበቅኳቸውም ነበር ማለት ነው ትለኛለች፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ ታደርጋለች፣ እንዲያ ናት፣ አርብ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ተማሪ ይመጣል፣ እኔ እትዬ በረኪና ነኝ፣ ተሳስታ የማታውቀዋ። ብተወው ግን ይሄ ሳህን ዝም አይልም፣ የሚያይ ዓይን ያለው ሁሉ ያነበዋል፣ አምስቱም እንዲህ ነበሩ፣ ተመልሰው ነበር፣ የጨረሰቻቸው ያቺ ናት። ወይ የማሞቂያው ሳጥን ጋዝ ተቋርጦ ነው ልበል። ወይ መብራት ሄደ ልበል። መብራት ሲሄድ አምስቱን ገድሎ አንዱን ይተዋል እንዴ፣ ውሸቴም እንኳ ፋራ ነው።

ጠርሙሱ ዘንበል ብሏል። እጄ ነው ያዘነበለው፣ እኔ ሳላዘው፣ አፉ ጋ ጠብታ ደርሷል፣ አየሁት፣ ቀጥ አደረግኩት። አንቺ ሴትዮ። አንቺ። ሰው ቤት ገብተሽ ባለቤቱን ልታስወጪ፣ ከጉልቤ በምን ተሻልሽ። ክዳኑን እገጥማለሁ፣ አልገጥም ይላል፣ ደግሜ አዞረዋለሁ፣ ገጠመ። ኮሪደሩ ላይ አውጥቼ ከግድግዳው ሥር አስቀምጠዋለሁ፣ ራሴን ዛሬ አላምናትም።

እግር እሰማለሁ። የእሷ ነው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለች፣ እናቷ ደረጃ ላይ ወድቀው እንኳ ልብ አትገዛም። መጀመሪያ ላሳያት ወይስ መጀመሪያ ልንገራት። ካሳየኋት ትፈነድቃለች፣ በደስታዋ ተሸሽጌ ቀስ ብዬ ጣል አደርገዋለሁ፣ ታልፈኛለች። እሱም ማጭበርበር ነው። መጀመሪያ ልንገራት።

እትዬ! ትላለች ከበሩ፣ ሻንጣዋ ትከሻዋ ላይ። እናትሽ እንዴት ናቸው። ቆሙ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ነርሷን ሲሳደቡ ትቻቸው መጣሁ፣ ልጆቼስ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው የምነግራት፣ ሌላ ጊዜ የለም። አምስቱን ደፋኋቸው እላታለሁ። ብክለት መስሎኝ። ብክለት አልነበረም፣ ተመልሰው ነበር፣ አንቺ እንዳልሽው ተመልሰው ነበር፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ አንድ ቀርቶሻል፣ እዪው።

ወደ ማጠቢያው ታያለች፣ ሻንጣው ከትከሻዋ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ አታነሳውም። ትቀመጣለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ጣቷ ማስተካከያውን ይዞ በቀስታ ይዞራል፣ ይቆማል። ትንፋሿ ይሰማኛል። ሳህኑን ገፋ ታደርጋለች፣ ደግሞ ገፋ። እትዬ፣ መሐለኞቹን አዩአቸው ወይ ትላለች በሹክሹክታ። አየኋቸው። ጭራቸውን ሲሰበስቡ። አየሁ። ትስቃለች፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፣ ሳቅ ነው ስል ለቅሶ ነው፣ ለቅሶ ነው ስል ሳቅ ነው፣ ስልኳን አውጥታ የማይክሮስኮፑ ማያ ላይ ደቅና ፎቶ ታነሳለች፣ ታነሳለች፣ አንዱ ይበላሻል፣ ደግማ ታነሳለች። ከዚያ ዞራ ታየኛለች። እንዲህ ዓይነት ዓይን አይቼባት አላውቅም።

ሦስት ዓመት እትዬ። አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ። አውቃለሁ ልጄ። ልጄ አይበሉኝ አሁን። እሺ። ሌላ ምንም አያድርጉባቸው አላልኩዎትም። ብለሽኛል። ደጋግሜ ነው ያልኩዎት። አዎ። ልትመታኝ ብትችል ደስ ባለኝ፣ አትመታኝም፣ በጋውን እጅጌ አፍንጫዋን ትጠርጋለች፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ እጄን የማደርግበት አጥቻለሁ፣ ይቅር በይኝ እንዳልላት ይቅርታ መለመን ራሱ ሌላ ነገር መውሰድ ይመስለኛል።

አምስቱ ላይ ደሴት ነበር፣ ትለኛለች ድንገት፣ ድምፅዋ ተቀይሮ፣ ደረቅ ሆኖ። ነበር። በሁሉም ላይ። በሁሉም፣ አንድ በአንድ አይቻለሁ። እርግጠኛ ነዎት። በእናቴ። ጣቶቿን አፏ ላይ አድርጋ ታስባለች፣ ሳውቃት ጄሉ ሲሰነጠቅባት እንደዚህ ነው የምታደርገው፣ አልቅሳ ስታበቃ ማሰብ ትጀምራለች። አንድ ሳህን ወሬ ነው ይላል እሱ ሰውዬ፣ ትላለች። ግን የቀሩትን አምስቱን ያየ ሰው አለ። ማን እላታለሁ፣ እንደ ቂል። እርስዎ ነዎታ።

አርብ ይመጣሉ ትለኛለች። ኮሚቴው ፊት ይቆማሉ፣ አሁን ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ይነግሯቸዋል፣ አንድም ሳይቀንሱ፣ ስድስቱ ላይ ይሄን አየሁ፣ አምስቱን ደፋሁ፣ ተሳስቼ ነው። እኔ ብናገር ተስፋ የቆረጠች ተማሪ ቀባጠረች ይላሉ። እርስዎ ግን እትዬ በረኪና ነዎት። ፊት ለፊቴ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው፣ አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመት ተሳስተው አያውቁም፣ እርስዎ ተሳሳትኩ ካሉ ማን ይጠራጠራል፣ ስድስት ወር ይጨምሩልኛል፣ ስድስት ወር ከሰጡኝ ደግሜ አነጥፋቸዋለሁ። ይቅርታውን ግን ከእኔ አርብ አይጠብቁት፣ ገና ነው፣ አሁን አይሆንልኝም።

አይሁንልሽ እላታለሁ፣ እመጣለሁ።

ሻንጣዋን ታነሳለች፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ማሞቂያው ትወስዳለች፣ እኔ በሩን እከፍትላታለሁ፣ እሱ ብቻ ተፈቀደልኝ፣ ትወጣለች። አርብ። ያ ረጅም ጠረጴዛ፣ ሰባት ፕሮፌሰር፣ ከኋላ ወንበር ላይ ያ የፒፔቱን ጫፍ የማይቀይር ጎረምሳ፣ ጆሮውን ቀስሮ። ስንቱን ጎረምሳ እዚሁ በር ላይ አስለቅሻለሁ። ፀጉሬን እሠራለሁ፣ ጋውን አልለብስም፣ መነጽሬን ከመግባቴ በፊት እጠርገዋለሁ፣ ወረቀት አልይዝም፣ ወረቀት ካየሁ እደበቅበታለሁ፣ እቆማለሁ፣ ሥራዬን እናገራለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት እላለሁ፣ ከዚያ፣ ከዚያ ስድስት ሳህን ነበር፣ ስድስቱም ተመልሰው ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አምስቱን፣ ድምፄ ከአሁኑ ይሰበራል፣ ባዶ ክፍል ውስጥ እንኳ ይሰበራል፣ እንደገና፣ ቀስ ብለሽ፣ ከመጀመሪያው፣ ስድስት ሳህን ነበር፣ አምስቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።